ብድሩን ለመረብ ወይስ ለኩሬ? ከጉማራ አፍ ለመጣ ጥያቄ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ፎገራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ከሚገባበት አካባቢ 18 ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተን ዓሣ እናሰግራለን። ሐይቁ ሲሸሽ ደግሞ ባሕር ሸሹን መሬት እናርሳለን። አባቶቻችን በአንድ ሌሊት ታንኳ ሞልተው ይመለሱ ነበር። እኛ ዛሬ አምስት መረብ ዘርግተን አድረን ለወጥ የሚሆን ብቻ ይዘን የምንገባበት ቀን አለ። በተለይ ነጭ ዓሣ ጠፋ። እምቦጭ ጨረሰው። አሁን ብድር ሊፈቀድልን ነው። ግማሾቻችን የሞተር ጀልባና ተጨማሪ መረብ ገዝተን ወደ ውስጥ እንግባ እንላለን። ግማሾቻችን ኩሬ ቆፍረን እናርባ እንላለን። ጫጩት አምጥቶ ሐይቁ ላይ መልቀቅም ተነስቷል። የትኛው ያዋጣናል?»

ብድሩን ለሞተርም ለተጨማሪ መረብም አታውሉት። ኩሬውም ለ18 ሰው መተዳደሪያ አይሆንም። ጫጩት መልቀቁን ጭራሽ እርሱት። ያዋጣል የምለውን እነግራችኋለሁ፤ ግን ዓሣው ለምን እንደጠፋ ካልተግባባን ምክሬ ስለማይዋጥላችሁ ከዚያ ልጀምር።

እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ነጭ ዓሣው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው የተመናመነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 በመረብ ናሙና ወስደው ነበር። ከአስር ዓመት በኋላ በ2001 ያንኑ ሥራ ሲደግሙት የነጭ ዓሣው መጠን በክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ አገኙት። ታዳጊዎቹማ ከአስሩ ዘጠኙ የሉም። ያኔ ጣና ላይ የእምቦጭ ወሬ አልነበረም። ስለዚህ እምቦጭ ባለዕዳ ነው፣ ግን ዋናው ሌባ አይደለም። ሌባው ቤቱን ዘርፎ ከሄደ በኋላ የገባ ነው ማለት ይቀላል።

ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ምን ተለወጠ? እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ በጣና ላይ ማስገር ማለት የደንገል ታንኳ ማለት ነበር። በዋናነት በሐይቁ ዳር የሚኖረው የወይጦ ማኅበረሰብ ሥራ ነው። ታንኳ ከዳር ብዙም አይርቅም፤ የሚይዘውም ለቤትና ለቅርብ ገበያ የሚበቃ ነው። በዚያ ዓመት አንድ ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ይዞ መጣ። ክፉ ሐሳብ ነበረው አልልም። ብዙ ሰው እንጀራ አግኝቷል፤ የባሕር ዳር ገበያም ዓሣ ጠግቧል። ግን ጀልባው ከመጣ ወዲህ ዓሣው የሚደበቅበት ቦታ አልቀረም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አስጋሪው አንድ ነገር ማወቁ ነው። ክረምት ላይ ወንዝ አፍ ሄዶ መረብ የጣለ ሰው ብዙ አይለፋም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። እናንተ ነጭ ዓሣ የምትሉት አንድ ዓሣ አይደለም። 17 ዝርያዎች በዚህ ስም ይጠራሉ፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። አንዱ አፉ ወደ ታች ነው፣ ከጭቃ ይለቅማል። ሌላው አፉ ሰፊ ነው፣ ዓሣ ይበላል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለሚያግድ፣ ለብቻቸው ሆነው በሐይቁ ውስጥ ተባዝተው የተለያዩ ናቸው። ይህን የመሰለ ሌላ ቤተሰብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ነበር። እሱ አልቋል።

ከእነዚህ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ እንቁላላቸውን ሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ጎርፉ ሲጀምር ወደ ወንዝ አፎች ይሰበሰባሉ። ከዚያ ጉማራን፣ ርብን፣ ግልገል ዓባይንና ሌሎቹን ገባሮች ተከትለው ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ቦታ የታወቀ ነው። ውሃው ፈጥኖ የሚፈስ፣ ጠራ ያለ፣ ከሥሩ ጠጠር ያለበት መሆን አለበት። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ገብቶ ነው የሚፈለፈለው። ጭቃ ላይ ከወደቀ አየር አጥቶ ይሞታል። ለዚህ ነው ከጉማራ ዋና ወንዝ ይልቅ ወደ ላይ ያሉትን ትንንሽ ገባሮች የሚመርጡት። ነሐሴና መስከረም ዋናው ጊዜ ነው። ጥቅምት ላይ ይጠናቀቃል።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ዓመቱን ሙሉ ሦስት ሺህ ካሬ ሜትር ሳይሆን ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ የሚኖር ዓሣ፣ በዓመት ለጥቂት ሳምንት አንድ ጠባብ በር ላይ ይታጨቃል። ሁሉም ለመራባት የደረሰ ነው። የሴቷ ሆድ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይዟል። በዚያ በር ላይ መረብ መዘርጋት የዘር እህል መብላት ነው። ገበሬ ናችሁና ይህን እኔ ልነግራችሁ አይገባም። ለዘር ያስቀመጠውን ጎተራ ሐምሌ ላይ የከፈተ ሰው ኅዳር ላይ ምን ያጭዳል?

አንድ ነሐሴ ላይ ወንዝ ዳር ቆሜ ያየሁትን አልረሳውም። ሴቶች የተያዘውን ዓሣ እየሰነጠቁ ያጸዳሉ። እንቁላሉን በእፍኝ እየዛቁ ለውሻ ይጥላሉ። ውሾቹ ራሳቸው ጠግበው አልበላ ብለዋል። ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ ዓሣ የሚፈልግ ብዙ ነው። የእኛ አገር ክፉ አጋጣሚ ይኼ ነው፤ የፍልሰታው ገበያ ዓሣው ከሚራባበት ሳምንት ጋር ይገጥማል። የዐቢይ ጾም ገበያ ግን በጋ ላይ ስለሆነ እምብዛም አይጎዳም። ይህን ልዩነት በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁሉም ጥፋት የመረብ ነው ብዬ እንዳታስቡ። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ነው የሚነሱት። ተዳፋቱ በታረሰ ቁጥር አፈሩ ወርዶ ያንን ጠጠር ይሸፍነዋል። ለግንባታ የሚጫነው አሸዋና ጠጠር ደግሞ በቀጥታ ከዓሣው አልጋ ላይ ነው የሚታፈሰው። በጋ ሲገባ ለሽንኩርትና ለቲማቲም የሚተከለው የውሃ ፓምፕ ወንዙን ይቆርጠዋል። ትናንሾቹ ዓሣዎች ወደ ሐይቁ ሳይደርሱ ኩሬ ላይ ይቀራሉ፤ ኩሬውም ይደርቃል። ርብ ላይ ደግሞ ግድብ ተሠርቷል። ለመስኖ ይጠቅማል፣ የዓሣውን የላይኛውን መንገድ ግን ዘግቶታል። ስለዚህ ጉማራ ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል። በምሥራቁ ዳር ከቀሩት ጥሩ መንገዶች አንዱ የእናንተ ደጅ ላይ ያለው ነው።

ሌሎቹ የጣና ዓሣዎች፣ ቀረሶና አምባዛ (ቲላፒያና ካትፊሽ)፣ በሌላ ሕግ ይኖራሉ። ሰው ሦስቱንም «ዓሣ» ብሎ አንድ ላይ ስለሚያወራ ነው ምክሩ የሚደበላለቀው። ቀረሶ ወንዝ አይወጣም። ዳር ዳሩን፣ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ጎጆ ይሠራል። እናቲቱ እንቁላሉንም ጫጩቱንም በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ቶሎ ይደርሳል፣ ዓመቱን ሙሉም ይራባል፤ ክረምት ላይ ይበረታል። ለዚህ ነው ነጭ ዓሣ ሲጠፋ ገበያውን ቀረሶ የያዘው። አምባዛ ደግሞ ጎርፉ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ወደ ረግረጉ ይወጣል። የፎገራ ሜዳ ለእሱ የወሊድ ቤት ነበር። ሜዳው ሩዝ ሲሆን ቦታው ጠበበበት። ሩዙን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ ፎገራ ሩዝ ትታ ምን ልትበላ ነው? ከሐይቁ ዳር ያለውን የመጨረሻ ረግረግ ግን ማረስ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ባሕር ሸሽ መሬት የጠየቃችሁኝ ባይኖርም ሳልናገር አላልፍም። እምቦጭን ስለጠላችሁ ነገሩ ይመለከታችኋልና። እምቦጭ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ያ ዘር የሚበቅለው ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሲራቆትና ፀሐይ ሲያገኘው ነው። ደንገልና ፊላ የሸፈነው ዳር ላይ ይቸገራል። እናንተ ደንገሉን ነቅላችሁ፣ ጭቃውን ገልጣችሁ፣ ሽምብራና ጓያ ትዘሩበታላችሁ። አትክልት ላይ የምትጥሉት ማዳበሪያ በቀጣዩ ክረምት ታጥቦ ይገባል። ለእምቦጭ ከዚህ የተሻለ መደብ አዘጋጁለት ብትባሉ አትችሉም። ያንኑ ደንገል ነው ቀረሶ ጎጆ የሚሠራበት። አንድ ነቅለህ ሁለት ታጣለህ።

የሐይቁ ከፍታ ድሮ እንደነበረው በዝናብ ብቻ አይመራም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ አለ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከምዕራቡ ዳር ውሃ ይወስዳል። ይህ በእናንተ እጅ አይደለም፤ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ አማራጮቻችሁ። የሞተር ጀልባ መግዛት ለምን አይሆንም? ዓሣ ባነሰበት ውሃ ላይ የሚጨመር መረብ ዓሣ አይጨምርም። ያለውን ከጎረቤት ቀምቶ ማካፈል ነው። መጀመሪያው ወር ላይ ጥሩ ትይዛላችሁ። ሌላው ማኅበርም ያያል፣ እሱም ይበደራል። በሁለተኛው ዓመት ነዳጁ ከዓሣው ይበልጣል፤ ብድሩ ግን እንዳለ ነው። ደግሞም ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ለመራባት የሚደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቀረሶ ቢመናመን ቶሎ ያገግማል፣ ነጭ ዓሣ ላይ ግን ያ ምሕረት የለም።

ስለ ስሱ መረብ፣ ያ በአንድ ክር የተሠራው ሞኖፊላመንት፣ በደብዳቤያችሁ አልገለጻችሁም። ከአምስቱ መረባችሁ ስንቱ እሱ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ጠባብ ዓይኑ ገና ያልወለደውን ሁሉ ይይዛል። በአንድ ወቅት ይበጣጠስና ይጣላል። ሐይቁ ውስጥ የቀረው ቁራጭ ደግሞ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ ሲገድል ይከርማል። ማንም ማየት ስለማይችል ማንም አይቆጥረውም። ይህን መረብ የያዘ ማኅበር እምቦጭን መክሰስ አያምርበትም። ሌላም ላስጠንቅቅ። ከላይ ባሉት ገባሮች ላይ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ቀጥቅጦ ውሃ ላይ የመበተን ልማድ አለ። ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ያሰክራል፣ ይገድላል። ዓሣን በመርዝ ማስገር በዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ክልክል ነው። ከእናንተ መካከል የሚያደርግ ባይኖር እንኳ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ።

ጫጩት መልቀቅ ጥሩ ይመስላል፤ ባለሥልጣን ፎቶ ይነሳበታል። ግን ምን ልትለቁ ነው? የቀረሶ ጫጩት ከሆነ ሐይቁ ውስጥ ራሱ ሞልቷል። የጎደለው ጫጩት አይደለም፣ የሚያድግበት ዳርና የሚተወው መረብ ነው። የነጭ ዓሣ ጫጩት ደግሞ ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር አይደለም። አንድ ቀን አንድ ሰው ካርፕ የሚባለውን የውጭ ዓሣ አምጡ ይላችኋል። በፍጹም እንዳትሰሙት። ካርፕ ዝዋይና ቆቃ ገብቶ ዛሬ በብዛት ከሚያዙት አንዱ ሆኗል። ጭቃ እየቆፈረ ነው የሚኖረው፤ ውሃውን ያደፈርሳል። እነዚያ ሐይቆች የሚያጡት ሌላ ነበር፣ ጣና የሚያጣው ግን በዓለም ላይ ምትክ የለውም። ካርፕ በኩሬ ብቻ ነው የምናረባው ቢሉም አትቀበሉ። የፎገራ ጎርፍ ኩሬን ከሐይቅ አይለይም።

ይህ ወደ ኩሬው ያመጣኛል። ኩሬ መጥፎ አይደለም። የፎገራ መረሬ አፈር ውሃ ይይዛል፣ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ሁለት ነገር ይገድበዋል። አንዱ ጎርፍ ነው። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሰውን ከነከብቱ የሚያፈናቅሉበት ክረምት አለ። ኩሬያችሁ ቁልቁል ከሆነ ዓሣው በአንድ ሌሊት «ነጻ» ይወጣል። ሁለተኛው ሒሳቡ ነው። 200 ካሬ ሜትር ኩሬ ቆፈራችሁ እንበል። በካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ብታስገቡ 400 ይሆናል። ከአራቱ ሦስቱ ቢተርፍ 300 ነው። ጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀረሶ እንደ ቆላው አይሮጥም። በስምንት ዘጠኝ ወር 200 ግራም ቢደርስ ጥሩ ነው። ጠቅላላው 60 ኪሎ ነው። ለ18 ሰው ሲካፈል ለአንዱ ሦስት ኪሎ ከምናምን ይደርሰዋል። ዓመቱን ሙሉ ተለፍቶ! አሥር ኩሬ ቢሆንስ? ያኔ ደግሞ አሥር እጥፍ መኖ፣ አሥር እጥፍ መሬትና አሥር እጥፍ ጥበቃ ያስፈልጋል። መሬቱ ከየት ይመጣል?

ኩሬ ለአንድ ቤተሰብ፣ ከጓሮ አትክልትና ከዶሮ ጋር ተቀናጅቶ ያምራል። ከእናንተ መካከል ከጎርፍ ከፍ ያለ ጓሮ ያለው፣ በጋ ላይ የማይደርቅ ጉድጓድ ያለው ሁለት ሦስት ሰው ይሞክር። መኖው ቅርብ ነው፤ ከሩዝ መፈልፈያ የሚወጣው ብናኝና የኑግ ፋጉሎ ይሆናል። ጫጩቱን ባሕር ዳር ካለው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጠይቁ እንጂ ከማንም አትግዙ። ወንድና ሴት ቀረሶ አንድ ላይ ከገቡ ኩሬው ውስጥ እየተባዙ ሁሉም ጣት የሚያህል ሆነው ይቀራሉ። ወንድ ብቻ ማስገባት፣ ወይም ጥቂት አምባዛ ጨምሮ ጫጩቱን ማስበላት ያስፈልጋል። አምባዛውን በኋላ ጨምሩ፤ መጀመሪያ ካስገባችሁት ቀረሶውን ሁሉ ይበላዋል። የኩሬው ውሃ ከሽንኩርት ማሳ የሚወርድ ከሆነም አትጀምሩት። የተባይ መድኃኒት በጥቂቱም ዓሣን ይገድላል። የመርጫ ጀርካናችሁን ወንዝ ላይ የምታጥቡትም እንደዚሁ፣ ያን ልማድ ዛሬውኑ ተዉት።

ታዲያ ምን ላድርግ ብላችሁኛልና፣ እንግዲህ ምክሬ።

ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም መጨረሻ ጉማራ ውስጥም ሆነ ከአፉ ቢያንስ 5 ኪሎ ሜትር ዙሪያ መረብ አትጣሉ። ይህን በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ጻፉት፤ መቀጮውንም ጻፉት። ስሱን መረብ ሰብስባችሁ አቃጥሉ። በምትኩ ከብድሩ ላይ ትንሽ ቆንጥራችሁ ዓይኑ ሰፋ ያለ ባለብዙ ክር መረብ ግዙ፤ ቁጥሩ ግን ካላችሁ አይብለጥ። በእነዚያ ሦስት ወራት ሐይቁ ውስጥ ገባ ብሎ ቀረሶ ማስገር ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ሥራ ፍቱ አላልኩም።

አንድ እንቅፋት አለ፤ ከባዱም ይኼ ነው። ጉማራ ፎገራንና ደራን የሚያዋስን ወንዝ ነው። እናንተ በዚህ ዳር መረብ ስታነሱ በዚያ ዳር ያለው ይጥላል። ከዚያ «እኛ ጠበቅን እነሱ በሉ» ተብሎ በአንድ ክረምት ሁሉም ይፈርሳል። ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ስለዚህ ከደራ በኩል ካሉት አስጋሪዎች ጋር ካልተስማማችሁ የእኔ ምክር ወረቀት ላይ ይቀራል። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ብቻ አትሂዱ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የሁለቱን ዳር ታላላቆች፣ ወይጦዎቹንም ጨምሩ። ወይጦዎቹ ስብሰባ ላይ የሚረሱ፣ ሐይቁን ግን ከሁላችን በላይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ሦስቱን ወራት ምን እንበላለን ትላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብዙ የጥበቃ ዕቅድ የሚወድቀው ይህን ስለማይመልስ ነው። ክረምት ላይ የሩዝ አረም አለ፣ ጉልበት ይፈለጋል። እሱ ግን አይበቃም። ቅድም ያልኳችሁ የዐቢይ ጾም ገበያ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የዓሣ ዋጋ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ተቀናሽ አድርጋችሁ ዕቁብ ግቡ። ዕጣው በየሳምንቱ ሳይሆን ለሁሉም ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወጣ ይሁን። ሰብሳቢውን አደራ የማይበላ ሰው አድርጉት፤ ይህን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

የቀረው ብድር ለመያዝ ሳይሆን ለመሸጥ ይዋል። አሁን የምትይዙትን ዓሣ ዳር ላይ ለደላላ ነው የምትሰጡት። ፀሐይ እያየው ስለሆነ ዋጋውን እሱ ነው የሚቆርጠው። ነገ ይበላሻል፤ ዛሬ ካልሸጣችሁ ባዶ እጃችሁን ናችሁ። የበረዶ ሣጥን፣ ዓሣ የሚሰነጠቅበት ንጹሕ ጣራ ያለው ጠረጴዛ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ ማድረቂያ ቆጥ፣ እነዚህ ከአንድ ሞተር ጀልባ ጋር ሲነጻጸሩ ቀላል ናቸው። ከወረዳችሁ ከተማ ከወረታ እስከ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበረዶ የተጫነ ዓሣ በጠዋት ሆቴል በር ላይ ይደርሳል። ከቀረሶ ክብደት ሲሦው ገደማ ነው ንጹሕ ሥጋ የሚወጣው፤ ስለዚህ ሰንጥቆ መሸጥ ዋጋ የሚያወጣው ገዥ ቀድማችሁ ካገኛችሁ ብቻ ነው። ደረቅ ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄድ ገበያ ነበረው። አሁን ባለው ሁኔታ በእሱ ላይ ብቻ አትመኩ፣ ለአገር ውስጥ አድርቁ። ቁጥሩ ባይጨምርም ከአንዱ ዓሣ የምታገኙት ገንዘብ ይጨምራል። ለአሁኑ ማግኘት የምትችሉት ጭማሪ ይኼው ነው።

ከባሕር ሸሹ መሬት ላይ ደግሞ ከውሃው ጠርዝ ጀምሮ 50 ሜትር ያህል ተዉት። ደንገል መልሳችሁ ትከሉበት፤ ሥሩን ቆርጦ በጭቃ መትከል ይበቃል። ታንኳም ምንጣፍም ይወጣበታል። እምቦጭ ስትነቅሉ ካበበ አበባውን ወደ ሌላ ዳር አታጓጉዙ። ለብስባሽ ከሆነ ከውሃ ርቆ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ይሁን። ለከብት ዋና መኖ ይሆናል የሚላችሁን አትመኑ። አብዛኛው ውሃ ነው። ፀረ አረም ረጭቶ ማድረቅም አይታሰብ፤ የምትጠጡት ውሃ ነው።

ምን ልትጠብቁ ትችላላችሁ? ዳሩ ካገገመ ቀረሶ ላይ በአንድ ሁለት ዓመት ልዩነት ታያላችሁ። ነጭ ዓሣ ላይ ከአራት አምስት ዓመት በፊት ለውጥ አየሁ የሚላችሁ ሰው ይዋሻል። ከላይ ጠጠሩ መታፈሱ፣ ፓምፑ ወንዙን መቁረጡ ካልቆመ ደግሞ የእናንተ ጥበቃ ግማሽ ጥበቃ ነው። ያም ሆኖ ከምንም ይሻላል፤ ቢያንስ እናቲቱ በሯን አልፋ ትገባለች። አንድ ደብተር ግዙና በየቀኑ ስንት መረብ እንደጣላችሁ፣ ከየዓይነቱ ስንት እንደያዛችሁ፣ የትልቁንና የትንሹን ርዝመት በስንዝር ጻፉ። ሆድ ውስጥ እንቁላል ካለም ምልክት አድርጉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ከእኔም ከማንም ባለሙያ በላይ ያውቃል።

ከደራዎቹ ጋር የምታደርጉትን ስብሰባ ግንቦት ላይ አድርጉት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ዓሣው ወንዙ አፍ ላይ መሰብሰብ ይጀምራል፤ ያኔ ለስብሰባ የሚሰበሰብ ሰው አታገኙም።